ጨዋታው የተቋረጠበት እሑድ

ኦዴሳ ፕራይድሞር ወሬውን የሰማችው ከባላንጣዋ አፍ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ያንገበገባትም እሱ ነበር።

በአላባማዋ ካርስዌል ከተማ፣ በቻናል ዘጠኝ ዜና ክፍል ውስጥ፣ የቀትሩን ዜና እያረመች ሳለ ስልኳ ጮኸ። የደወለው የቻናል አሥራ ሦስት የዜና ኃላፊ ዋልተር ግሪምስሊ ነው። እሱና እሷ አንዱ የሌላውን ዜና ለመቅደም ሲራኮቱ ያረጁ ሰዎች ናቸው፤ ሲገናኙ ይሳሳቃሉ እንጂ አይዋደዱም።

«ኦዴሳ፣ እንኳን ደስ አለሽ ልበል ወይስ ነፍስ ይማር?» አላት።

«በጠዋቱ ጠጥተህ ነው?»

«አልሰማሽም እንዴ?» በድምፁ ውስጥ የነበረው ሳቅ ከሰመ። «ጌታ ሆይ፣ ለአንቺም አልነገሩሽም! ኮንቲኔንታል ወደ እኛ መጥቷል። እናንተን ደግሞ ለክሬስት ድረዋችኋል። የጣቢያችሁ ባለቤት፣ ልጁ ላታም፣ ትናንት ፈርሞ ጨርሷል።»

እ.ኤ.አ. 1994 ነበር፤ የየከተማው ጣቢያ ኔትወርኩን እንደ ሸሚዝ የሚቀይርበት ዓመት። ቻናል ዘጠኝ ግን ከተወለደ ጀምሮ ከኮንቲኔንታል ሌላ አያውቅም። የማታው ድራማም፣ የአገሪቱ ዜናም ከኒው ዮርክ የሚወርድለት በኮንቲኔንታል በኩል ነው፤ የካርስዌልን ወሬና የካርስዌልን ሰማይ ደግሞ ኦዴሳና ሰዎቿ ይጨምሩበታል። እንዲህ ሆኖ አርባ ዓመት ተኖረ። ክሬስት የሚሉት ገና ጥርሱን ያላበቀለ ኔትወርክ ነው። ዜና የሚባል ነገር የለውም። ግን በዚያ ዓመት የእሑዱን የእግር ኳስ ጨዋታ፣ አሜሪካኖቹ በእጅ የሚይዙትን ማለት ነው፣ ከታላላቆቹ አፍ ነጥቆ ወስዷል፤ ኳሱን ይዞም በየከተማው እየዞረ ጣቢያ ያስኮበልላል።

ኦዴሳ ስልኩን ዘግታ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣች። ደረጃው ላይ ያገኟት ሁሉ መንገድ ለቀቁላት፤ ፊቷን አይተው።

ፕሬስተን ላታም ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ጸጉሩን በቅባት ወደ ኋላ የሚያስተኛ ሰው ነው። ጣቢያውን ያቋቋሙት አባቱ ከሞቱ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ኦዴሳ ልጁን የምታውቀው አባቱ ወደ ሥራ እያመጡት በዜና ክፍሉ ጠረጴዛዎች ሥር ሲሽሎከለክ ጀምሮ ነው።

«በር ይንኳኳል እኮ፣ ሚስ ኦዴሳ» አለ ፈገግ ብሎ።

«ቤቱን ከነሰዉ አሳልፈህ ሰጥተህ እኔ በር ላንኳኳ?»

ፈገግታው ጠፋ። «ዛሬ ከሰዓት ሁሉንም ሰብስቤ ልነግራችሁ ነበር።»

«ዋልተር ግሪምስሊ ቀደመህ። ዋልተር ግሪምስሊ! ስለ ገዛ ቤቴ ከጎረቤት ልስማ?»

«ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም።»

ፕሬስተን ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አሽከረከረው። «ወጣቱ ሁሉ ወደ ኬብል ቴሌቪዥን ሄዷል። ኮንቲኔንታልን የሚያዩት እንደ እናትዎ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ጌታ ዕድሜ ይስጣቸውና። ክሬስት ኳስ አለው። ኳስ ያለው ሰው አለው። ይሄን ባላደርግ በሚቀጥለው ዓመት እነዚያ ጣቢያ እየዞሩ የሚገዙት የቴክሳስ ሰዎች መጥተው እኔንም እርስዎንም በአንድ መጥረጊያ ይጠርጉን ነበር።»

«የአገሩ ዜናስ?»

«አይኖርም። በእሱ ቦታ አስቂኝ ድራማ ይገባል።»

«የእኛስ?»

«የእርስዎ ዜና በግማሽ ያጥራል። ጥቂት ሰዎችም…» ቃሉን አልጨረሰውም። «አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ኋላ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት። የጨዋታው ሰዓት የእነሱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሎስ አንጀለስ ካለው ከክሬስት ቢሮ ፈቃድ ሳይገኝ ጨዋታ አይቋረጥም። ከስክሪኑ ግርጌ ጽሑፍ ማስኬድ ግን ይቻላል።»

«ማዕበል ሲመጣስ?»

«ጽሑፍ።»

«አባትህ ማዕበሉ በመታን በዚያ ክፉ ሚያዝያ ኔትወርኩን ቀኑን ሙሉ ዘግተው፣ ኮታቸውን አውልቀው፣ ካሜራው ፊት ቆመው የየመንደሩን ስም እየጠሩ ውለዋል። ያን ቀን ማንንም ፈቃድ አልጠየቁም።»

«አባቴ ሞተዋል፣ ሚስ ኦዴሳ።»

«አውቃለሁ። አሁን ነው በደንብ የገባኝ» አለችና በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

ያን ቀን ጥላ ብትሄድ ደስታዋ ነበር። ግን በሥሯ የሚሠሩትን ልጆች አሰበች፤ እሷ ከሄደች ማንም እንደማይቆምላቸው አሰበች። ጥርሷን ነክሳ ቀረች።

በመስከረም ኔትወርኩ ተቀየረ። በሕንጻው ግንባር ላይ የነበረው የኮንቲኔንታል ምልክት በመሰላል ወርዶ ከኋላ ከቆሻሻው ጎን ተጣለ። ከእሷ ክፍል ሦስት ሰዎች ተሰናበቱ፤ አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ ስልክ ይጎርፍ ጀመር። ሕዝቡ ፕሬስተንን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ስልክ የምታነሳውን ሴትዮ ነው። የአሮጊቱ ሁሉ እርግማን፣ የሽማግሌው ሁሉ ስድብ በኦዴሳ ጆሮ በኩል ገባ። ከሁሉ የከፋችው ደግሞ የገዛ እናቷ ሚስ ኡላ ነበረች።

«አንቺ ልጅ፣ ዶክተሬን የት አደረጋችሁት?»

«እማ፣ ድራማው ወደ አሥራ ሦስት ሄዷል ብዬሻለሁ።»

«አሥራ ሦስት እኔ ቤት ምስል የለውም፤ በረዶ ብቻ ነው የሚያሳየው።»

«አንቴናውን አዙሪው።»

«በዚህ ጉልበቴ ጣራ ላይ ልውጣልሽ? ዶክተሩ እኮ ከሚስቱ እህት ጋር አሳንሰር ውስጥ ተዘግቶበት ነው የተቋረጠው! ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሴቱ ሁሉ የሚያፈጠው እኔ ላይ ነው። ሚስ ክሌሚ በሰው ፊት ‹ልጅሽ ትምህርት በዛባት› አለችኝ።»

«እማ፣ እኔ አይደለሁም የቀየርኩት።»

«ታዲያ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

ኦዴሳ ስልኩን አስቀመጠች። ጥያቄው ቀኑን ሙሉ ሲቆረቁራት ዋለ።

ከዚያ በኅዳር ውስጥ አንድ እሑድ መጣ። ከጠዋት ጀምሮ አየሩ ያለ ወቅቱ ሞቆ፣ ሰው ካፖርቱን በክንዱ ይዞ ነበር ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄደው። ኦዴሳ ስብከቱ ሲያልቅ ምሳ እንኳ ሳትበላ፣ ባርኔጣዋን እንደደፋች ወደ ጣቢያው መጣች። የአየር ሁኔታ ተንባዩ ክሊት ስታንፊልድ ቀድሟት ገብቶ ራዳሩ ላይ ተደፍቷል። ክሊት ጣቢያው ውስጥ ጸጉሩን ያሸበተ፣ ከደመና ሌላ ወሬ የማይወድ ሰው ነው።

«አልወደድኩትም» አላት ዓይኑን ሳያነሳ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

አየር ላይ የአትላንታ ጨዋታ እየሄደ ነው። በከተማውም በገጠሩም ሰዉ የተጠበሰ ዶሮውንና ጎመኑን በልቶ፣ ቀበቶውን ፈታ አድርጎ ስክሪን ፊት ተዘርግቷል። ፕሬስተን ራሱ አትላንታ ነው፤ የክሬስት ሰዎች ጋብዘውት ስታዲየሙ ውስጥ ባለ መስታወት ክፍል ተቀምጧል።

ከቀትር በኋላ ራዳሩ ላይ ከነበረው ቀይ እድፍ አንድ ጫፍ እንደ መንጠቆ ታጠፈ፤ ሁሉን የሚጠራርገው አዙሪት ነፋስ ምልክት ነው። ክሊት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው። «ቶርኔዶ ነው። መሬት ነክቷል ወይ ሊነካ ነው።» ቃሉን ሳይጨርስ የመንግሥቱ የአየር ሁኔታ ቢሮ ማስጠንቀቂያም ገባ።

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ፔሪ ሆሎው።»

ፔሪ ሆሎው ከከተማው ወዲያ በሸለቆው ውስጥ ያለች፣ ግማሹ ሰው መሠረት በሌለው፣ በመኪና በሚጎተት ተጎታች ቤት የሚኖርባት መንደር ናት። የማስጠንቀቂያ ጡሩምባ የላትም። ያላት ቴሌቪዥን ነው።

ኦዴሳ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ሮጠች። እዚያ የተቀመጠው ዱዌይን የሚባል ወፍራም፣ ልበ ሩህሩህ ሰውዬ ነው። «ጨዋታውን አቋርጥ። ክሊትን አየር ላይ አውጣው።»

ዱዌይን እጁን አላንቀሳቀሰም። «ጽሑፉን አስኬጃለሁ፣ ሚስ ኦዴሳ። ከዚያ በላይ ግን ሚስተር ፕሬስተን ራሳቸው ካላዘዙኝ ዛሬውኑ እባረራለሁ። በቃላቸው ነግረውኛል።»

ስክሪኑን አየች። ከግርጌው አንዲት ቀጭን ጽሑፍ እንደ ጉንዳን ትሄዳለች፤ ከላይዋ ግዙፍ ሰዎች እየተጋጩ ይወድቃሉ። ማን ያነባታል?

ለፕሬስተን ደወለች። ሲያነሳ ከኋላው የሕዝብ ጩኸት ይሰማል።

«ፔሪ ሆሎው ላይ ቶርኔዶ እየሄደ ነው። አሁን ማቋረጥ አለብኝ።»

«ጽሑፉን ያስኪዱ።»

«እየሄደ ነው። ማንም አያየውም።»

«ሚስ ኦዴሳ፣ ሰዎቹ እኮ አጠገቤ ናቸው። ወደ ሎስ አንጀለስ ላስደውል። እስከዚያ አንድም ነገር እንዳይነኩ።»

ስልኩን እንደያዘች ቆመች። በውስጡ ሰው ሲስቅ፣ ብርጭቆ ሲጋጭ ትሰማለች። ክሊት በመስታወቱ ማዶ በእጁ ምልክት ያሳያታል፦ እየቀረበ፣ እየቀረበ፣ ቀረበ። በመጨረሻ በሩን ከፍቶ ጮኸ፦ «ኦዴሳ! ወንዙን ተሻገረ!»

ፕሬስተን ተመለሰ። «ቢሮው እሑድ ሰው የለውም፤ እየፈለጉልኝ ነው። ከተማውን ነው የሚመታው?»

«ከተማውን አይደለም። ፔሪ ሆሎውን ነው አልኩህ።»

«እዚያ ስንት ሰው አለ?» አላት።

ኦዴሳ ከዚያ በፊትም ተቆጥታ ታውቃለች። በዘመኗ ብዙ በር ፊቷ ላይ ተዘግቷል፣ ብዙ ነገር ተብላለች። እንደዚያ ዓይነት ንዴት ግን አታውቅም። ከእግሯ ጀምሮ የሚነድ፣ እጇን ግን ቀጥ የሚያደርግ ንዴት ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

«ዱዌይን።»

«ሚስ ኦዴሳ፣ ልጆች አሉኝ።»

«አውቃለሁ። ስማቸውንም አውቃለሁ።»

ዱዌይን ስክሪኑን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። «ሽንቴ መጣ» አለ። «ቶሎም አልመለስም። የማቋረጫው ቁልፍ ቀዩ እንደሆነ፣ ክዳኑም ወደ ላይ እንደሚከፈት ለማንም እንዳልናገር ታዝዣለሁ።» ሄደ።

ክዳኑን ከፈተች። ተጫነችው።

ጨዋታው ጠፍቶ የክሊት ፊት ወጣ። ክሊት አልተጣደፈም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። «በፔሪ ሆሎው ያላችሁ፣ በድሮው ወፍጮ መንገድ፣ በኔቦ ተራራ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያላችሁ፣ ከተጎታች ቤት ውጡ። አሁን። ምድር ቤት ያለው ምድር ቤት ይግባ። የሌለው ቦይ ውስጥ ይተኛ፣ ራሱን ይሸፍን» እያለ በየመንገዱ፣ በየድልድዩ ስም ጠራ።

ስልኮቹ ያን ጊዜውኑ ጮኹ፤ ሁሉም በአንድ ላይ። ኦዴሳ አንዱን አነሳች።

«አንቺ ሴት፣ አብዳችኋል?» የወንድ ድምፅ ነው። «ኳሱን ይዘው መስመሩን ሊያልፉ አንድ ክንድ ሲቀራቸው! አንድ ክንድ! ይሄን ደመናችሁን ወደዚያ ውሰዱልኝ!»

«ጌታዬ፣ የት ነው የሚኖሩት?»

«ምን አገባሽ? ወፍጮ መንገድ ነው።»

«ታዲያ ወደ እርስዎ ነው የሚመጣው! ቤት ውስጥ ማን አለ?»

«አትላንታን መልሺልኝ ነው የምልሽ፣ አንቺ…» የተሳደበውን ስድብ ኦዴሳ ለእናቷ እንኳ ደግማ አልተናገረችውም።

እሷም ሴትነቷን፣ ዕድሜዋን፣ የለበሰችውን የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣ ረስታ ጮኸችበት። «ስማ አንተ ደንቆሮ! ኳሱ ነገም አለ! ልጆች ካሉህ ጎትተህ ቦይ ውስጥ ክተታቸው፣ ከዚያ ስድብህን ተመልሰህ ትጨርሳለህ!» ስልኩ ተዘጋ። እሱ ይዝጋው፣ መስመሩ ይቆረጥ አላወቀችም።

ቶርኔዶው ፔሪ ሆሎውን ከዳር እስከ ዳር አርሶት አለፈ። የኔቦ ተራራ ቤተ ክርስቲያን ጣራውን አጣ፤ ተጎታቾቹ እንደ ካርቶን ተጨማድደው እርሻው ላይ ተበተኑ። ብዙ ሰው ግን ከቦይና ከምድር ቤት እየተነሳ፣ ጭቃውን እያራገፈ ወጣ። አራት ሰዎች ሞቱ። ሁለቱ በመኪና ላይ የነበሩ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱ ዲያቆን በርል ማክናይትና ባለቤታቸው ሚስ ፐርል ናቸው፤ ቤታቸው ከመንደሩ ሁሉ ወደ ምዕራብ ያለ፣ ነፋሱ መጀመሪያ ያገኘው ቤት ነበር። ኦዴሳ ሰዓቱን ከክሊት ጋር አመሳከረች። ያ ቤት ሲፈርስ እሷ ስልክ ይዛ የብርጭቆ ድምፅ እየሰማች ነበር።

ሰኞ ፕሬስተን ከአትላንታ ተመለሰ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። «ውሉን ጥሰዋል። ስልክ ዘግተውብኛል። ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ታግደዋል» አላት። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ክሊት ከመስታወቱ ማዶ አያት፣ ከዚያ ዓይኑን ወደ ራዳሩ መለሰ።

በሦስተኛው ቀን እናቷ ቤት ቁጭ ብላ ሳለ ቴሌቪዥኑ ላይ የክሊት ፊት ወጣ። የእሑዱ ነው። «ከተጎታች ቤት ውጡ። አሁን» ይላል። ከጀርባው ሙዚቃ ገብቶበታል። ከዚያ የፔሪ ሆሎው ፍርስራሽ ታየ፤ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ። ከዚያ አንድ ወፍራም ድምፅ፦ «ክሬስት ቻናል ዘጠኝ። ሰማዩ ሲቆጣ፣ እኛ ከእርስዎ ጋር ነን።»

ሚስ ኡላ አፏን ከፍታ ልጇን አየቻት። «ይሄ አንቺን ያባረሩበት አይደለም እንዴ?»

«እሱው ነው፣ እማ።»

«እና አሁን ማስታወቂያ ሠሩበት?»

ኦዴሳ ተነስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ስልኩ ሲጮህ ራሱ ፕሬስተን ሆነ፤ ድምፁ ማር ጠብ ይልበታል። ጋዜጣው አሞግሷታል፣ የሎስ አንጀለስ ሰዎችም ደስ ብሏቸዋል፤ እግዱ ተነስቷል። ቅዳሜ በፔሪ ሆሎው የመታሰቢያ ጸሎት አለ፣ ክሬስት የውኃና የብርድ ልብስ መኪና ይዞ ይመጣል፣ ጣቢያውም በቀጥታ ያስተላልፈዋል። እሷ ከጎኑ ቆማ ሁለት ቃል ብትናገር።

«እመጣለሁ» አለችው።

ቅዳሜ ጸሎቱ የተደረገው ጣራ ከሌለው ቤተ ክርስቲያን ውጭ፣ ሣሩ ላይ ነው። አራቱ ፎቶዎች ጠረጴዛ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው የክሬስት ምልክት የተለጠፈበት ነጭ መኪና ቆሟል፤ ካሜራው ሁለቱንም አንድ ላይ እንዲይዝ ተደርጎ የተደገነ ነው። ፕሬስተን ስለ ጎረቤትነት ተናገረ፣ ጣቢያው ለደቂቃ እንኳ እንዳላመነታ ተናገረ፣ ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ለእሷ ሰጣት።

«ለደቂቃ አላመነታንም ነው የተባለው?» አለች ኦዴሳ። «ዋሽቷል። አመንትተናል። ክሊት ነፋሱን ሲያየው ዲያቆን ማክናይት በሕይወት ነበሩ። ሚስ ፐርል በሕይወት ነበሩ። እኔ ግን ኳስ ለማቋረጥ ስልክ ይዤ ፈቃድ እለምን ነበር። ይሄ ሰው አትላንታ ሆኖ እየጠጣ፣ ፔሪ ሆሎው ነው ስለው ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? ‹እዚያ ስንት ሰው አለ?› ነው ያለኝ።»

ፕሬስተን ወደ ካሜራው ዞሮ ጣቱን በአንገቱ ላይ አሻገረ። ስርጭቱ ያኔውኑ ተቋረጠ። ለዚህኛው ማቋረጥ ከሎስ አንጀለስ ፈቃድ አልተጠየቀም።

«ሚስ ኦዴሳ፣ እዚህ ቦታው አይደለም» አለ በቀስታ።

«ታዲያ የት ነው ቦታው? መስታወት ክፍሉ ውስጥ?» ወደ ሕዝቡ ዞረች። «በቁጣዬ ይቅር በሉኝ አልልም። አልበረደልኝም። እየለመንኩ ላጠፋሁት ጊዜ ጥፋቱ የእኔም ነው፤ አልለምንም ብዬ ቁልፉን ወዲያው መጫን ነበረብኝ። ግን ሬሳቸው ሳይቀበር ማስታወቂያ የሠራባቸው እሱ ነው።»

የዲያቆኑ የልጅ ልጅ፣ ረጅም ልጅ እግር ሴት፣ ወደ ነጩ መኪና ሄዳ የክሬስትን ተለጣፊ ከጥጉ ይዛ መላጥ ጀመረች። ማንም አልከለከላትም።

ከመካከል አንድ ፂማም ሰው እጁን አነሳ፤ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሏል። «ሃርላን ቲግ እባላለሁ» አለ። «ስልክ ደውዬ የሰደብኳት እኔ ነኝ።» መሬት መሬቱን አየ። «እኔ አላመንኳትም ነበር። ሚስቴ ግን ከስልኩ ውስጥ ጩኸቷን ሰማችና ሁለቱን ልጆች ይዛ ሮጠች። እኔ ሚስቴን ልቆጣት ስከተል ነው የተረፍኩት። እና… እኛም ሰዎች ነን ወይ? በዚያ ሰዓት እሷን የሰደብኳት እኔ ብቻ ነኝ? እስቲ የደወላችሁ እጃችሁን አንሱ።»

ማንም ቶሎ አላነሳም። በኋላ አንዲት አሮጊት አነሱ፣ ከዚያ አንድ ጎልማሳ፣ ከዚያ ሌሎች። ኦዴሳ እነዚያን እጆች ስታይ ልቧ ይራራል ብላ ጠብቃ ነበር። አልራራም። በእነሱም ተናደደች፤ ግን በእነሱ መናደድ እንደ ዘመድ መናደድ ሆነባት። በፕሬስተን ላይ ያለው ሌላ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ቻናል ዘጠኝ ደጃፍ አልደረሰችም። ማስታወቂያው በነጋታው ከአየር ላይ ወረደ። ዱዌይን ሥራው ላይ ቆየ፤ «ሽንት ቤት የሄደ ሰው ምን ያውቃል?» ብሎ ድርቅ አለ፤ ማንም ሊያስለውጠው አልቻለም። ክሊትም ቀረ። ቤቷ ድረስ መጥቶ «ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው፣ ኦዴሳ» አላት። «ገብቶኛል» አለችው፤ ቡና ግን አላቀረበችለትም።

ዋልተር ግሪምስሊም ደወለ። «ወደ እኛ ነይ። ኮንቲኔንታል እዚህ ነው፣ ቤትሽ እኮ ነው።»

«ዋልተር፣ ያን እሑድ እናንተ አየር ላይ ምን ነበር?»

ዋልተር ወሬ ሊቀይር ሞከረ።

«ንገረኝ እንጂ።»

«ፊልም ነበር። ጽሑፍ አስኪደናል።»

«ፊልም! ኳስ እንኳ አይደለም። አንተን ማን ከለከለህ?»

«ማንም አልከለከለኝም» አለ በመጨረሻ። «እሑድ ነበር። ቤቴ ተኝቼ ነበር።»

«መልካም እንቅልፍ» ብላ ዘጋችው።

ፕሬስተን የፈራቸው የቴክሳስ ሰዎች በሁለተኛው ዓመት መጥተው ጣቢያውን ገዙት፤ ዜና ክፍሉን ዘግተው ዜናውን ከሌላ ከተማ ያስመጡ ጀመር። ሕዝቡ ጥቂት አጉረመረመና ለመደው። ኦዴሳ ያን ጊዜ የአውራጃው የአደጋ ማስጠንቀቂያ ቢሮ ኃላፊ ሆና ተቀጥራለች። ቢሮው አንድ ጠረጴዛና አንድ ሬዲዮ ነው።

የመጀመሪያው ሥራዋ ለፔሪ ሆሎው ጡሩምባ ማስተከል ነበር። የአውራጃው ምክር ቤት አባላት በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሰሟት፤ ጥያቄው አግባብ እንደሆነ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ እንደሚተላለፍ ነገሯት። ሊቀ መንበሩ ደግ ሰው ነው፤ ወረቀቱን እየሰበሰበ «ለመሆኑ፣ ሚስ ፕራይድሞር፣ እዚያ አሁን የቀረው ሕዝብ ብዙ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

ባልደረቦቹ ለመነሳት ወንበራቸውን መግፋት ጀምረው ነበር። ኦዴሳ ከግድግዳው ሥር አንድ ወንበር ጎትታ አመጣች፣ በሩን ዘግታ ጀርባውን በበሩ ላይ አስደገፈችው፣ ቁጭ አለችበት፤ ቦርሳዋንም ጭኗ ላይ አደረገች።

«ቁጭ በሉ፣ ጌቶቼ» አለች። «አንድ በአንድ በስማቸው እነግራችኋለሁ።»